ለፍሳሽ የተላኩ ሽማግሌዎች

ብዙነህ የነጠላውን ጫፍ ስቦ አፍንጫውን ሸፈነ። የአቶ አሥራት ቫን በሠፈሩ መግቢያ ላይ የተተከለውን የፍሳሽ ፓምፕ ጣቢያ እያለፈ ነበር፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶም ሽታው ይገባል። ጣቢያው በሽቦ የታጠረ፣ አረንጓዴ ክዳን ያለው የሲሚንቶ ሣጥን ነው፤ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ዝናብ ሲበዛ ከክዳኑ ሥር ያለው ጉድ ሁሉ ሽቅብ ይወጣና ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይፈሳል። ባለፈው ሐምሌ እንዲሁ ሆኖ የሠፈሩ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሰነበተ። ጣቢያውን የያዘው የውሃ ካምፓኒ መጥቶ ነጭ ዱቄት በተነበትና ሄደ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ነውና፣ የውሃና የፍሳሽ ሂሳብ ይጨመርልኝ ብሎ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች አመለከተ።

"ሁለተኛው ጣቢያ ከተሠራ ይኼ ሁሉ ይቀራል" አሉ አቶ አሥራት፣ መሪያቸውን እንደያዙ።

ብዙነህ እዚህ፣ ከኮለምበስ ከተማ ወጣ ብላ ካለችው ከካናል ዊንቸስተር ጫፍ፣ ቤት ገዝቶ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። ቤቱን ሲገዛ ውሃው የታውንሺፑ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ነበር፤ በኋላ ካምፓኒው ቧንቧውንም ጉድጓዱንም ጠቅልሎ ገዛና ሁሉም ነገር ተበላሸ። ጠዋት ጠዋት ከቧንቧው የሚወርደው ቡናማ ነው። ሚስቱ ማዘንጊያ ለመጠጥም ለወጥም የታሸገ ውሃ ትገዛለች፤ ጋራዡ የውሃ መጋዘን ሆኖ መኪናው ውጭ ያድራል። ቢሉ ግን ከዓመት ዓመት እየወፈረ ይመጣል። ለማይጠጣው ውሃ መክፈል ራሱ ሳይሆን፣ ከፍሎ ሲያበቃ ከካምፓኒው የሚላክለት የምስጋና መልእክት ነው ብዙነህን የሚያቅለሸልሸው።

አቶ አሥራት ግን የሚኖሩት ብሌንደን ታውንሺፕ ነው፤ የሚጠጡትም የከተማውን ውሃ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ፍሥሐ ደግሞ ሱቁም ቤቱም ሞርስ ሮድ አካባቢ ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሽታው የሚመለከተው አንዱን ብቻ ነበር። ይህንንም ብዙነህ ያስተዋለው አሁን፣ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። አቶ አሥራት የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ደውለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሽምግልና ትፈለጋለህ፣ ነጠላህን ለብሰህ ጠብቀኝ አሉት። ብዙነህም እሺ አለ። ለማን፣ በምን ጉዳይ ብሎ አልጠየቀም። ለሽምግልና የተጠራ ሰው አስቀድሞ እሺ ይላል፣ ጉዳዩን መንገድ ላይ ይሰማል፤ አባቱም አጎቶቹም እንዲህ ሲያደርጉ ነው ያየው። ማዘንጊያ ነጠላውን እየተኮሰችለት፣ ሳይሰሙ እሺ ማለት በሽታህ ነው፣ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሃል አለችው። እሱ ሳቀ። የተጣሉ ባልና ሚስት ይሆናሉ፣ ምን ያስጨንቅሻል ብሏት ወጣ።

ባልና ሚስት አልነበሩም። የተጣሉት ጎረቤቱ ንግሥትና የውሃው ካምፓኒ ናቸው።

አቶ አሥራት እየነዱ አስረዱት። ንግሥት ከቤቷ ጀርባ ሰፊ መሬት አላት፤ ቤቱ ከሠፈሩ በፊት የተሠራ አሮጌ ቤት ስለሆነ ከሌላው ሰው ጓሮ ይሰፋል። ካምፓኒው ግማሹን ለሁለተኛ ጣቢያ ይፈልገዋል። ሰው እየላከ ጠይቋታል፤ በሯን ዘግታበታለች። መዝጋት ብቻም አይደለም፣ ከሥራ ስትወጣ ቤት ለቤት እየዞረች ጎረቤቱን አነሳስታ፣ ማክሰኞ ስለ ዋጋ ጭማሪው በሚደረገው ስብሰባ ላይ በተቆጣጣሪዎቹ ፊት ልትናገር ተዘጋጅታለች። ካምፓኒው ፍርድ ቤት ሄዶ መሬቱን በግድ ሊወስድ ይችላል፤ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ሕግ አውጪዎቹም ይህን ሥልጣኑን ለማጥበብ እየተነጋገሩ ነው። ስለዚህ ወዳ ብትሰጠው ይመርጣል።

ብዙነህ፣ ታዲያ ይኼ የእኛ የሽምግልና ጉዳይ የሚሆነው በምን በኩል ነው ብሎ ጠየቀ።

"በአዳራሹ በኩል" አሉ አቶ አሥራት።

የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ብዙነህ ያውቀዋል። ግድግዳውን መሰላል ላይ ወጥቶ የቀባው እሱ ነው። ተሠርቶ ካለቀ ሰንብቷል፤ ነገር ግን ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ስላልተገናኘ መጸዳጃ ቤቱ አይሠራም፣ መጸዳጃ ቤት የሌለውን አዳራሽ ደግሞ የሚፈቅድ መሥሪያ ቤት የለም። ለማገናኛ የተጠየቀው ገንዘብ የምእመኑን አቅም የሚያልፍ ነው። እስከዚያው ለቅሶ የሚቀመጡት በተከራዩት የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው።

"እናቶቻችን ቅርጫት ኳስ መረብ ሥር ተቀምጠው ነው የሚያለቅሱት" አሉ አቶ አሥራት፤ ድምፃቸው የምር ነበር። "ስንት ዓመት ለመንኩ፣ ስንት በር አንኳኳሁ። አሁን ንግሥት ከፈረመች በነፃ እናገናኝላችኋለን ብለዋል። በነፃ፣ ብዙነህ።"

የብዙነህ ልብ ወደ እሳቸው አዘነበለ። ባለፈው የጾም ወቅት አንዲት አሮጊት በዚያ ጂም ወለል ላይ ለልጃቸው ሲያለቅሱ፣ ከበላያቸው የውጤት ሰሌዳው በራሱ በርቶ ሲጮህ ሰምቷል። አዳራሹ መከፈት አለበት። ሰውየው ዓመታቸውን ያፈሰሱበት ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን ወገቡን የሰጠበት ነው።

አቶ አሥራት ቫኑን የንግሥትን ቤት ትንሽ አሳልፈው አቆሙ። ከፊት ለፊቷ ያላቆሙት መኪናው ውስጥ ያለው አራተኛው ሰው እንዳይታይ ነው። አራተኛው ሰው ሽማግሌ አይደለም። ዮኤል ይባላል፤ እዚሁ ኮለምበስ ተወልዶ ያደገ፣ ጢሙን በሥርዓት የተከረከመ ጎልማሳ ነው። የካምፓኒው ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ካምፓኒውን ከኮሚዩኒቲው ጋር ማገናኘት እንደሆነ መንገድ ላይ ነግሯቸዋል። ሰው አክባሪ ልጅ ነው። አማርኛው አንተና አንቱን ባይለይም ፈገግታው ይለያል።

"እኔ እዚህ ዌት አደርጋለሁ" አለ። "እኔን ካየች ካምፓኒው ነው ትላለች። እናንተ ግን ፋሚሊ ናችሁ።" ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። "ቆማችሁ ነው አይደል የምትጠይቁት? እሺ እስክትል አትቀመጡም። ጋሼ አሥራት ነግሮኛል። ለማኔጀሬ ኤክስፕሌይን ሳደርግለት ላቭ አደረገው። ከሎየር ሌተር ይበልጣል አለኝ።"

ብዙነህ ዞሮ አየው። ልጁ ያሾፈ መስሎት ነበር፤ አላሾፈም። ከልቡ ተደስቷል። ብዙነህ ከአባቱ የወረሰውን ነገር አንድ የማያውቁት ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ወዶለታል።

"ለመሬቱ የሚከፈላት ገንዘብ ከማን ነው የሚመጣው?" አለው።

"ጥሩ ነው የሚከፈላት። ዶንት ወሪ፣ ጋሼ።"

"ከማን ነው ያልኩህ።"

"ሬት ላይ፣ ቢሉ ላይ ይገባል። ከስተመሮቹ ሼር ያደርጉታል፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። ሊጋል ነው፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ከዛ ካምፓኒው በላዩ ላይ ሪተርን ያገኛል። ፕሮፊት ማለቴ ነው።"

"አዳራሹን በነፃ ማገናኘቱስ?"

ዮኤል መዋሸት አልለመደም፤ ደግነቱ እዚህ ላይ ነበር። "እሱም ያው ነው" አለ። "እሱም ሬት ውስጥ ነው።"

ብዙነህ ነገሩን በልቡ ገጣጠመው። ጣቢያውን የሚያሸተው እሱ ነው፣ የጣቢያውን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው፣ በከፈለው ላይ ትርፍ የሚመርቀውም እሱ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ የተባለው ስጦታ እንኳ ከእሱና ከጎረቤቶቹ ኪስ የሚወጣ ነው። ካምፓኒው ከራሱ የሚያዋጣው ነገር ቢኖር ሽማግሌ ብቻ ነው፣ ሽማግሌውንም በነፃ አግኝቷል። በነጠላና በሱፍ አምሮ እዚህ ተቀምጧል።

"ማክሰኞስ? ትናገራለች?" አለ።

"ሳይን ካደረገች ኦፖዝ ማድረግ፣ መቃወም አትችልም፤ ኮንትራቱ ላይ አለ። ስታንዳርድ ነው። እና እሷ ከሌለች ሌላው ሰው አይመጣም፣ ያው ሰው ቢዚ ነው።"

"በቃ፣ በቃ፣ ሥራ ልትሄድ ነው፣ ታመልጠናለች" አሉ አቶ አሥራትና በሩን ከፈቱ።

ብዙነህ እዚያው መቅረት ይችል ነበር። ግን ፍሥሐ ቀድሞ ወርዷል፣ አቶ አሥራት በዕድሜ ታላቁ ናቸው፣ ነጠላውም ተተኩሶ ተለብሷል። ሽማግሌ ከመንገድ ቀረ መባልን ፈራ። ከዮኤል ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ደግሞ ከሁሉ የባሰ መሰለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን ከደጃፏ አገኘው።

አቶ አሥራት ቀስ ብለው በጣታቸው አንኳኩ። ንግሥት የነርሲንግ ሆም የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ከፈተች። አስቀድማ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ከአንዱ ነጠላ ወደ ሌላው ነጠላ ሄደ።

ያን ጊዜ ለብዙነህ ገባው። በጠዋት፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ሳይደውሉ፣ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር የሚያንኳኩት መርዶ ሲይዙ ነው። እሱ ራሱ ስንት ቤት እንዲህ አንኳኩቷል። የንግሥትን አባት ሞት ያረዳት እሱ ነበር፤ በዚሁ በር ላይ ቆሞ፣ ምናልባትም በዚሁ ነጠላ።

የምሳ ዕቃው ከእጇ ወደቀ።

"ማን ነው?" አለች። ድምፅዋ ከሷ የመጣ አይመስልም። "ቃልኪዳን ናት? ትናንት ማታ ነው ወደ ኮሌጇ መንገድ የጀመረችው። ልጄ ናት? ጋሼ ብዙነህ፣ አንተ ንገረኝ።"

ፍሥሐ መሬት መሬት ያይ ጀመር፣ ይኼ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ንግሥት የበሩን መቃን ይዛ ወደ ታች ተንሸራተተች። ባሏ ህብረት ከሞተ ወዲህ ቃልኪዳንን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት፤ ልጅቷ አሁን ሲንሲናቲ ኮሌጅ ነው የምትማረው።

"ማንም አልሞተም፣ ልጄ" አሉ አቶ አሥራት ጎንበስ ብለው። "ኧረ ማንም አልሞተም። ለደግ ነው የመጣነው።"

ወዲያው አላመነችም። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ደወለች፤ ቁጥሩን ደጋግማ ሳተች። በመጨረሻ የእንቅልፍ ድምፅ መጣ፤ ማሚ፣ አይም ስሊፒንግ፣ ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ የሚል። ንግሥት ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ እያለቀሰችና እየሳቀች የአቶ አሥራትን ጉልበት ሳመች። ሰው አልሞተም ስላሏት ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ሳሟት፣ መረቋት፣ ፍሬሽን አያሳጣሽ አሏት።

ግቡ፣ ግቡ አለችና ፊቷን ልትታጠብ ወደ ውስጥ ገባች። አቶ አሥራት ወደ ብዙነህ ጆሮ ተጠጉ።

"ልቧ ራርቷል" አሉ በሹክሹክታ። "አሁን ብንጠይቃት እንቢ አትልም።"

"እንደምትደነግጥ ያውቁ ነበር?"

"ሽማግሌ በጠዋት ነው የሚሄደው" አሉ አቶ አሥራት፤ መልሳቸው ይኼ ብቻ ነበር።

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ረጅም ሶፋ፣ አንድ የእንጨት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የህብረትና የቃልኪዳን ፎቶ። በኋለኛው መስኮት ጓሮው ይታያል። ጎመኑ በመደዳ ቆሟል፣ ቃሪያው ቀልቷል፣ ከሁሉም ወዲያ ደግሞ ካምፓኒው ሰው ልኮ የተከላቸው ብርቱካንማ ባንዲራ ያላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። ሳታውቅ ገብተው ነው የተከሏቸው፤ ብትነቅላቸው መልሰው ይተክሏቸዋል።

ንግሥት ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ሥራ ቦታ ደውላ እንደምታረፍድ ተናግራለች። ተቀመጡ እንጂ አለቻቸው፤ ማንም አልተቀመጠም። ኧረ በእናታችሁ፣ ምን ሆናችሁ፣ ተቀመጡ አለች። ፍሥሐ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ሶፋውን በናፍቆት አየው።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አቶ አሥራት።

ያን ጊዜ ነገሩ የሽምግልና መሆኑ ለንግሥት ገባት። ፊቷ ትንሽ ፈገግታ ነካው፤ ለልጇ የመጡ መስሏት ይሆናል። አቶ አሥራት ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ከቤተ ክርስቲያን ጀመሩ፣ ወደ አዳራሹ ገቡ፣ በእናቶች እንባ በኩል አለፉ፣ ስለ መሬት ከንቱነትና ሰው ሲሞት የሚበቃው ስንዝር አፈር ስለመሆኑ ተናገሩ። ንግግር ያውቃሉ። ካምፓኒ የሚለው ቃል ከአፋቸው የወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ። እንቢ ካልሽም በፍርድ ቤት ይወስዱታል፣ ከምትዋረጂ አክብረሽ ስጪ አሏት።

ንግሥት እስኪጨርሱ አዳመጠች። ፈገግታው ከፊቷ መቼ እንደጠፋ ብዙነህ አላየም።

"እኔ ልጄ ሞተች ብዬ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ለፍሳሽ ነው የመጣችሁት?"

ወደ አቶ አሥራት ዞረች።

"ጋሼ አሥራት፣ እርስዎን አከብራለሁ። አዳራሹም እንዲከፈት እፈልጋለሁ፣ ለህብረት ለቅሶ እኔም እዚያ ጂም ተቀምጫለሁ። ግን የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሳያስተካክሉ ሁለተኛውን ጓሮዬ ይቆፍሩታል፤ ከዚያ ለሁለቱም እኔን ያስከፍሉኛል። ይኼን ነው ማክሰኞ ሄጄ የምናገረው። ሌላ ነገር የለኝም።"

አቶ አሥራት ፊታቸው ጠቆረ። የሚናገሩት አልቆባቸው ሳይሆን፣ ለዚህ ሰዓት ያመጡትን ሰው ማቅረብ እንዳለባቸው ስላወቁ ነው። ከዚያ እጃቸውን ብዙነህ ትከሻ ላይ አኖሩ።

"ብዙነህ፣ አንተ ንገራት። አንተን እንቢ አትልም።"

ለካ ለዚህ ነው የተጠራው። ብዙነህ ለምን እሱ እንደተመረጠ እስካሁን አላሰበበትም ነበር፤ በሠፈሩ የሚኖር ስለሆነ፣ ወይ ሰው ስለሚያከብረው መስሎታል። አቶ አሥራት ግን ያውቃሉ። የድሮው ስደተኛ ሁሉ ያውቃል።

ንግሥት ወደ እሱ ዞረች። "ህብረት የላከህ ቀን ትዝ ይልሃል?" አለችው።

እንዴት ትዝ አይለው። ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ወንድሟ የተከራያት አንዲት ክፍል። ስደተኛ ለስደተኛ ሽማግሌ የሚልክበት ጊዜ ነበር። ወንድምየው ወረቀት የሌለው፣ ሥራ የሌለው ሰው እህቴን አያገባም ብሎ ድርቅ አለ። ብዙነህ ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ሌላ ትልቅ ሰው ስለጠፋ ነው ሽማግሌ የሆነው። ቆመ። እግሩ አብጦ ጫማው እስኪጠበው፣ ፀሐይ ከመስኮቱ እስክትወርድ ቆመ። ጀርባውን ሲያመው ህብረትን ያስብ ነበር፤ ህብረት ያለችውን አንዲት ዳቦ ቆርሶ የሚያካፍል፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነበር። ወንድምየው በመጨረሻ ተሸንፎ ተቀመጡ ሲላቸው፣ ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው በቀር መቀመጫ ስላልነበረ አልጋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ብዙነህ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የኮራበት ቀን የለም።

"ያን ቀን አንተ ባትቆም ወንድሜ እሺ አይልም ነበር" አለች ንግሥት። "ስለዚህ አንተን ቤቴ ውስጥ አቁሜ አልመልስህም። እነሱን እንቢ እላለሁ፣ አይቀየሙኝ። አንተ ግን ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ። ብቻ በአፍህ በለኝ።"

የአቶ አሥራት እጅ አሁንም የብዙነህ ትከሻ ላይ ነው። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። ፈርሚ። ያቺን ቃል ከተናገረ አዳራሹ ይከፈታል፣ የቀባው ግድግዳ ሰው ያርፍበታል፣ በዓውደ ምሕረት ስሙ ይነሳል። ማክሰኞ ደግሞ ያ የስብሰባ ክፍል ባዶ ይሆናል፣ ዮኤልም ለማኔጀሩ ደውሎ ሠራ ይለዋል። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቤት ሰው ሲጣላ፣ በየትኛውም ደጃፍ ለልጅ ሲቆም፣ ሰዉ ነጠላውን አይቶ ማን ላከው ብሎ ይጠይቃል።

ነጠላው ሸተተው። መኪና ውስጥ አፍንጫው ላይ ሲይዘው ሽታው ገብቶበት ይሆናል፣ ወይም እንዲያው መስሎት ይሆናል፤ ብቻ ሸተተው፣ በአቶ አሥራት ላይ ያለውን ያህል በራሱም ላይ ያለውን ተጸየፈው። ሳይጠይቅ እሺ ያለው እሱ ነው። መርዶ አስመስሎ ሴትዮዋን ደጃፏ ላይ የጣላት እሱም ነው፤ ጉልበቱን ባትስመውም።

ትከሻው ላይ ያለውን እጅ ቀስ አድርጎ አወረደ። ነጠላውን ገፈፈ፣ አጣጠፈ። ከዚያ ወደ እንጨት ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ።

ፍሥሐ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ብዙነህ" አሉ አቶ አሥራት። "ምን ነካህ? ገና አልተፈቀደልንም እኮ። ተነስ።"

"እኔ የምለምነው ነገር የለኝም፣ ጋሼ አሥራት።"

"አዳራሹስ?"

"አዳራሹን ገንዘብ ስናገኝ እናገናኘዋለን። እስከዚያው ቅርጫት ኳስ መረቡ ሥር እናለቅሳለን።"

አቶ አሥራት ብዙ ነገር ሊሉ ፈለጉ፤ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የተቀመጠን ሽማግሌ ግን ምን ብሎ ማስነሳት ይቻላል። እሱ ከተቀመጠ ልመናው ፈርሷል፣ ሁለት ሰው ቆሞ ቢውል ሽምግልና አይሆንም። ንግሥትን ቀና ብለው ሳያዩ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ ብለው ወጡ። ፍሥሐ አንዴ ሶፋውን፣ አንዴ ብዙነህን፣ አንዴ በሩን አየ። የመጣው በአቶ አሥራት መኪና ነው፤ ሱቁንም መክፈት አለበት። ይቅርታ እትዬ ንግሥት ብሎ እያነከሰ ተከተላቸው። ትንሽ ቆይቶ የቫኑ ሞተር ተነሳ፣ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ ድምፁ ራቀ።

ብዙነህ ወደ ቤቱ በእግሩ መመለስ እንዳለበት አሁን ትዝ አለው። መንገዱ በጣቢያው በኩል ነው። ማዘንጊያ ባልና ሚስቱ ታረቁ ወይ ብላ ስትጠይቀው የሚላትን ማሰብ ጀምሮ ተወው። እንደነበረው ይነግራታል፤ ትስቅበታለች፣ ቀጥላ ትቆጣለች፣ ሁለቱም ይገባዋል።

ንግሥት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የወደቀው የምሳ ዕቃ አሁንም ደጃፉ ላይ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ምስሩ ወለሉ ላይ ፈሷል።

"ማክሰኞ ማን ነው የሚወስድሽ?" አላት።

"ራሴ እነዳለሁ ብዬ ነበር። ዳውንታውን ፓርኪንግ ያስቸግራል።"

"እኔ እወስድሻለሁ። ማዘንጊያም ትመጣለች። ካንቺ ቀጥሎ እኔ እናገራለሁ፤ ይኼን የዛሬውንም ጨምሬ እናገረዋለሁ።"

ንግሥት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ጓሮው፣ ወደ ባንዲራዎቹ አየች። ብዙነህ ነጠላውን ከጭኑ አንስቶ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው።

"በይ አሁን አንቺም ተቀመጪ" አላት። "ከበሩ ጀምሮ እንደቆምሽ ነው።"